የፓኬጁ መዝገብ የትኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ?

ወልድያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አቶ ደምሴ ሁለት ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ይሄ ለሲስተሙ፣ ይሄ ለዳታው» አሉኝ። የምንጠግነው የግል ክሊኒኮችን ኮምፒውተር ነበር፤ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱ ክሊኒክ ሲስተም ከተበላሸ፣ እኛ ወልድያ አዲስ የሲስተም ዲስክ አዘጋጅተን በሚኒባስ ሹፌር እንልካለን። እዚያ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። የሕሙማኑ መረጃ ያለበት ዲስክ አይነካም። ዘዴው ጥሩ ነው፤ አልጠላውም።

ያበገነኝ የፓኬጅ ማኔጀሩ መዝገብ ነው። ማኔጀሩ የፕሮግራም ጥቅሎችን (ፓኬጆችን) የሚጭነው ነው፤ የትኛው እንደተጫነ የሚያውቀው በዚህ መዝገብ ነው። አቶ ደምሴ እሱንም ዳታ ዲስኩ ላይ አድርግ አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ሲቀየር መዝገቡ የድሮውን ይዞ ይቀራል እኮ።»

«የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ዳታ ነው። ክርክር አታብዛ።»

የፈራሁት መርሳ ከተማ ላይ ደረሰ። የክሊኒኩ ሲስተም ተበላሸ፣ ዲስክ ላክን፣ ቀየሩት፤ የላብራቶሪው ፕሮግራም ግን አልከፈት አለ። ራሴ ሄድኩ። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች አዲሱ ዲስክ ላይ የሉም። ፓኬጅ ማኔጀሩን ጫንልኝ ስለው «ተጭኗል» ይለኛል። አንዱን በግድ ስጭን ሌላው ይጎድላል።

በሩ ላይ አቅራቢያው ካለችው ግራና የመጡ እማማ ዘውዴ የታመመች ልጃቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። የደሟ ውጤት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ሐኪሙ እሱን ሳያይ እዚሁ ያክማት ወይስ ወልድያ ይላካት መወሰን አልቻለም።

«የኔ ጌታ፣ ምን ሆኖ ነው እንቢ ያለው?» አሉኝ።

«የሚከፍተው ነገር የለም እማማ። እሱ ግን አለ ይላል።»

«ወይ ማርያም! ውሸታም ነዋ! በል ቶሎ በለው፣ ልጄ እየደከመች ነው።»

ውሸታም አልነበረም። የሚያወራው አውጥተን ስለጣልነው ዲስክ ነበር። የአዲሱ ዲስክ መዝገብ፣ ስናዘጋጀው የተጻፈው ቢሮ ባለው ዳታ ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ወልድያ፣ አቶ ደምሴ ቢሮ ቀርቷል። ደወልኩላቸው።

«መዝገቡን በፍላሽ ይላኩልኝ።»

«የቱን መዝገብ?»

ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ፍላሹ በሚኒባስ መጣ። መዝገቡን ስተካው ማሽኑ የጎደለውን አወቀ፣ ጫንኩለት፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ሐኪሙ ውጤቱን እንዳየ «አሁኑኑ ወልድያ!» አለ። ፍላሹን ያመጣው ሹፌር እናትና ልጅን ይዞ ተመለሰ። ልጅቷ ተርፋለች።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ሰብስበውን፣ «ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ ከሲስተሙ ጋር ይሁን» አሉ፤ ሐሳቡ የራሳቸው ይመስል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዲስክ ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ የፓኬጅ ማኔጀር መዝገብ የሚቀመጠው ከመዘገበው ሲስተም ጋር፣ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ሲስተሙ ሲሄድ አብሮ ይሂድ።