በጊደሬ የተገዛው ኮምፒውተር

የቀሰቀሰብኝ የሞቀ አቧራ ሽታ ነው። በቀደም ዕለት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ፣ ከወንበር ስብርባሪ መሃል ጀርባው ያበጠ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ተገኘና፣ ጥበቃው ይሠራ እንደሆነ ልየው ብሎ ሶኬት ላይ ሲሰካው፣ መጀመሪያ ያቺ ሲር የምትል ቀጭን ድምፅ መጣች፣ ቀጥሎ በጀርባው ቀዳዳዎች የሚወጣው የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የክንዴ ፀጉር ሁሉ ቆመ። ምነው ደነገጥሽ ሲሉኝ ራሴን አሞኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላቸው? የአባቴ ቤት የፈረሰው በዚህ ሽታ ነው ልበላቸው?

ቤታችን ቆቦ ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ነበር፤ ከጓሮአችን ጀምሮ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ማሽላ ብቻ ነበር የሚታየው። አባቴ ገበሬ ነበር፣ ፊደል የቆጠረውም ቄስ ቤት ጥቂት ወራት ውሎ ነው። በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ሲገባ ሌላ አገር ያለ ሰው ይደሰት ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን እናቶች ከሁሉ የሚፈሩት ያንን ጊዜ ነበር፣ ሥራ ባለቀ ማግሥት ጎረምሳው ሁሉ ዓይኑን ወደ አፋር በረሃ ይጥል ነበርና፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ሳዑዲ። አንዱ ደርሶ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል፤ የሌላው እናት የምታለቅስበት ሬሳ እንኳ አጥታ ፎቶውን ታቅፋ ትቀመጣለች። ደላላው ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ እያወቀ ማንም አያውቀውም ነበር።

ወንድሜ አስማረ በዚያ ዓመት አሥረኛ ክፍል ጨርሶ፣ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ እቤት የዋለ ጎረምሳ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አስማረ ለእኔ ምኔ እንደነበር ልንገራችሁ፦ ክረምት ከተራራው ድንገት የሚወርደው ጎርፍ የትምህርት ቤቱን መንገድ ሲቆርጠው፣ ጫማውን አውልቆ፣ እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ደብተሬን በጥርሱ ነክሶ ያሻግረኝ ነበር። «ሚጣዬ፣ አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ጎርፍ አይወስድሽም» ይለኝ ነበር፣ ደብተሩን ነክሶ ስለሆነ ግማሹ ሳይሰማ። ጎርፉ እውነትም አልወሰደኝም።

ክርስትና እናቴ እትዬ ዘውዴ ደግሞ አስፋልቱ ዳር የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ነበራት። ልጅ ስላልወለደች እኔንም አስማረንም እንደ ራሷ ልጆች ነበር የምታየን፤ ለጥምቀት ቀሚሴን የምታሰፋልኝ እሷ ነበረች፣ ክርስትና በተነሣሁ ጊዜም ጥጃ ነድታ አምጥታልኛለች። የዚያች ጥጃ ልጅ ናት እንግዲህ ቦራ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጊደሬ። በእኛ ዘንድ አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ ከአበልጅ ጋር ዋጋ አይከራከሩም፣ ከአበልጅ እጅ የመጣን ዕቃ ገልብጦ መመርመር ደግሞ አላመንኩሽም ብሎ ፊቷ ላይ መትፋት ነው። አባቴ ይህን ሕግ እንደ ጾም ነበር የሚጠብቀው።

ጥር ሲገባ፣ እትዬ ዘውዴ ጠፍጣፋ አዲስ ስክሪን ልታስገባ ስለሆነ ትልቁን ኮምፒውተሯን ለአበልጆቿ በርካሽ ልትለቅ ነው የሚል ወሬ እቤት ይዞ የመጣው ራሱ አስማረ ነበር። ልብ አድርጉልኝ፣ ራሱ አስማረ። ኮምፒውተር ካገኘ ጽሑፍ ቤት ከፍቶ፣ ማመልከቻ እየጻፈ እንደሚኖርና የዓረብ አገርን ስም ዳግመኛ እንደማያነሣ በኪዳነ ምሕረት ስም ማለ። እናቴ መሐላውን ስትሰማ መሬት ስማ አለቀሰች። አባቴ ግን ወዲያው አልመለሰለትም፤ በማግሥቱ እኔን ብቻ ይዞኝ ከብቶቹ ዘንድ ወረደና ቦራ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ይቺ ያንቺ ናት። የሰው ከብት አልሸጥም። ግን ወንድምሽ እንዲቀርልን ነው፤ ምን ትያለሽ?»

አባቴ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ይሸጥ አልኩት፤ ደስ እያለኝ ነው ያልኩት፣ አላለቀስኩም። ቦራ ገበያ ተነድታ ስትሄድ አስማረ አቅፎ አነሣኝና፣ መጀመሪያ የማስተምረው አንቺን ነው አለኝ።

ኮምፒውተሩ በጋሪ ነበር የመጣው። የሰፈሩ ልጆች ጋሪውን ከበው ሲከተሉ፣ አባቴ ንግሥ ላይ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ ያስለቅቅ ነበር። ክብደቱስ! ሁለት ጎልማሶች እያቃሰቱ አወረዱት። እትዬ ዘውዴም አብራ መጥታ ነበር፤ ሁልጊዜ ስትገባ እየሳቀች የምትገባው ሴት ያን ቀን አንገቷን ደፍታ፣ እናቴ የሰጠቻትን ጠላ ሳትጨርስ፣ ሱቅ ሰው ይጠብቀኛል ብላ ሄደች። አስማረ አንድ ትንሽ ሣጥን የምታክል ቅጥያ ብቻ እንደቀረችና እሷም ከወልድያ እንደምትመጣ ነገረን። አባቴ ቅጥያው አላስጨነቀውም፤ ይህን የሚያህል ነገር ቤቱ ገብቶ ስለ ትንሽ ሣጥን ማን ያስባል? «በሬው ከገባ ቀንበር አይጠፋም» አለ። ጎረቤታችን አያ ሰይድ፣ ከአፋሮች ጋር ፍየል የሚነግድ ሰው፣ ስትገዛው አስነሥተህ አይተኸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አባቴ ተቆጣ፤ ካበልጄ ጋር ልታጣላኝ ነው ወይ አለው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ አስማረ ሰካው። ሲር አለና መስታወቱ ቀስ ብሎ በራ፤ በጥቁሩ ላይ አንዲት ባለቀለም ሣጥን፣ ውስጧ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዛ፣ ከዳር ዳር መንሳፈፍ ጀመረች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምን ይላል ልጄ ብሎ ጠየቀ።

አስማረ ጽሑፉን በዓይኑ ተከተለና «እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል» አለ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ» አለ አባቴ፣ ለመስታወቱ። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። የዚያን ሰሞን በገባበት ሁሉ፣ ሌላው በሬ ሸጦ የሚገዛውን እኔ ባንዲት ጊደር አስገባሁት፣ አበልጅ ያለው ሰው እንዲህ ነው እያለ ያወራ ነበር። እናቴ የጥልፍ ጨርቅ አለበሰችው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጨርቁን ገልጬ መስታወቱን እወለውል ነበር፣ እጄን ሳስጠጋው ጠር ጠር እያለ የክንዴን ፀጉር ይስበው ነበር፤ አስማረ ደግሞ ጣውላ ላይ በከሰል የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ኪቦርዱ ደርድሮ ስሎልኝ፣ ጣቶቼን እየያዘ ያስጽፈኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ሙቀቱ በጠናበት በሚያዝያ፣ ፋሲካ በዋለ ሳምንት፣ አስማረ ቅጥያዋን ከወልድያ ላምጣ ብሎ በሚኒባስ ሄደ። እናቴ ቆሎ ቋጠረችለት። አባቴ ማምሻውን አስፋልት ወጥቶ ጠበቀው፤ በማግሥቱም ጠበቀው፤ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ብድግ እያለ፣ በወልድያ መንገድ፣ ከሮቢት በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያየ። ከዚያ አያ ሰይድ ከአፋር ተመልሶ፣ አስማረን ከብዙ ጎረምሶች ጋር መኪና ላይ ተጭኖ በምሥራቅ በኩል ሲያልፍ እንዳየው ነገረን። «በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ሌላ ምን ይበል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

አባቴ ያን ጊዜም ልጁን አልጠረጠረም። ኮምፒውተሩን መልሶ ሸጦ ለፍለጋ የሚሆን ስንቅ ሊያገኝ በጋሪ ጭኖ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሲወስደው አብሬው ነበርኩ። ጠጋኙ ገና ሲያየው ሳቀ፤ ይህ መስታወቱ ብቻ ነው አባት፣ ኮምፒውተሩ የታለ፣ ይህንንስ አሁን ማን ይፈልገዋል አለው። አባቴ ጋሪውን አዙሮ በቀጥታ እትዬ ዘውዴ ደጃፍ አወረደው። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ብሎ ጮኸባት። ሰው ተሰበሰበ። እሷ ምንም አላስተባበለችም፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ ጊደሯን እተካለሁ አለች። በኮምፒውተር ተስፋ አድርጎ የነበረው ልጅ ተስፋው ውሸት መሆኑን ሲያውቅ ነው በረሃ የገባው ብሎ አምኖ ነበርና፣ አባቴ እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክኮ ረገማት። በክረምት የንስሐ አባታችንና ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ መጥተው፣ ጎርፉ መንገድ ዘግቶባቸው እኛ ቤት እስኪያድሩ ድረስ ለመኑት። አባቴ፣ ልጄን ያስበላችኝን ሴት ይቅር አልልም ብሎ እንቢ አለ። እኔም በደጇ እንዳላልፍ ተከለከልኩ። ለጥምቀት ቀሚስ የሚያሰፋልኝ አጣሁ፤ እሷም ከሩቅ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። መስከረም ነበር፣ ደጁ ሁሉ አደይ አበባ። መምህሩ አንዱን ስክሪን ከሣጥኑ ሳያያይዝ ሲያበራው፣ ያቺው ባለቀለም ሣጥን መንሳፈፍ ጀመረች። ያቺው ናት፣ አልረሳትም። አነበብኳት፤ ገመዱ አልተያያዘም ነው የምትለው። አስማረ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ክፍል ኮምፒውተር ተምሯል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እንኳን ደህና ቆያችሁ ያለውን አባቴን አሰብኩና በአስማረ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። እቤት ሄጄ ለማን ልናገር? አስማረ ስልክ መደወል ጀምሮ ነበር፤ ሳዑዲ ደርሶ ፍየል እየጠበቀ ነበር፤ አባቴ ድምፁን በሰማ ቁጥር እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

አባቴ በሞተ ጊዜ እትዬ ዘውዴ ለቅሶ መጣች። እናቴ ከድንኳኑ ስታያት ጀርባዋን ሰጠቻት፤ እሷም ቆማ ቆማ ተመለሰች። ተከትያት ሄድኩና አስማረ ያውቅ ነበር አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አጥር ተደግፋ ነገረችኝ። አስማረ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው፣ አባቴ ለዚህ አይሰጠኝም፣ ስክሪኑን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ሽጪለትና ብሩን ለእኔ ስጪኝ ብሎ እግሯ ላይ ወድቆ ነበር። ሰጠችው። እሱ ብሩን ለደላላ ሰጠ።

«ታዲያ ያን ሁሉ እርግማን ስትቀበዪ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ልጄ፣ አባትሽ እውነቱን ቢያውቅ የሚረግመው እሱን ነበር። የአባት እርግማን የተሸከመ ሰው ያን በረሃ ያልፋል? ያን ባሕር ያልፋል? እኔን ይርገመኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺም እንዳትናገሪ፣ በክርስትናሽ ይዤሻለሁ። ሲመጣ በራሱ አፍ ይናገር።»

መጣ እንግዲህ። ከሳዑዲ ተባርሮ፣ በአውሮፕላን። ዛሬ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ እቤት ከእናቴና ከእኔ ጋር ይኖራል። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ስል፣ የአባቴን መቃብር ሲሳለም ይናገራል ስል፣ ተሳልሞ ቲማቲም ገዝቶ ገባ። ባለፈው የኪዳነ ምሕረት ዕለት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ምሳ ላይ እትዬ ዘውዴን አነሣች፤ በዱላ ተደግፋ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ሰው እየመራት እንዳየቻትና አንጀቷን እንደበላቻት ነገረችን።

«አስማረ ልጄ፣ ይቅር ልበላት ይሆን? የከፋብህ አንተ ነህ፣ አንተ ተናገር» አለችው።

አስማረ ጉርሻውን አላመጠ፣ ዋጠ፣ ውሃ ጠጣ።

«ተያት እማዬ» አለ። «ሌባ ሌባ ነው።»

ያኔ ቤታችን ልጅ የጎደለበት፣ ጊደር የተሸጠበት፣ የሐዘን ቤት ነበር፤ ግን ሦስታችንም የምናለቅሰው ላንድ ሰው ነበር፣ ከዳችን ያልናትም ከደጅ ነበረች። ዛሬ የጎደለ የለም። እናቴ ልጄ ገባልኝ ብላ ስለቷን አግብታለች፣ ሰፈሩም እንኳን ደስ አላችሁ ብሎናል፤ ወንድም የሞተብኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማን እንደማረዳ ግን አላውቅም። ምግብ ሲቀርብ ታናሽ ነኝና ማስታጠቢያውን ይዤ ፊቱ እቆማለሁ። እጁን ዘርግቶ ይታጠብና «ተባረኪ ሚጣዬ» ይለኛል። አሜን ማለት አቅቶኛል።