ድንጋዮቹን ያልቆጠርኩበት ጠዋት

ያን ሐሙስ እህቴ ብርድ ልብሴን ገፍፋ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነስ ጩጬ። ዛሬ ታማሚ ነህ።»

«ምኔን ነው የሚያመኝ?»

«ስንፍና። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ጋ ሁን።»

የራሷን ሰዓት ፈትታ እጄ ላይ አሰረችልኝ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ውጭ ያካፋ ነበር።

ክረምት ነው። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ ነበር። በዚያ ክረምት ከውጭ ከመጡ ተማሪዎች ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ገባች። አምስት ነበሩ፤ እሷና አንድ የክፍሏ ልጅ፣ ሁለት ፈረንጆች፣ አንዲት ደግሞ ከናይሮቢ የመጣች። ሥራቸው ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ ሰው ለምን እንደሚጉላላ ማጥናትና ለኃላፊዎቹ መፍትሔ ማቅረብ ነው። ሰርቪስ ዲዛይን ይሉታል። እናቴ ስሙን መያዝ ስላቃታት «ያ የወረቀት ትምህርትሽ» ትለው ነበር። እውነት አላት፤ ኮንዶሚኒየማችን ጠባብ ነው፣ እህቴ ደግሞ የቁም ሳጥኑን በር በሙሉ ባለቀለም ትንንሽ ወረቀት ለጥፋበት ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ሰው ታሞ ከቤቱ ወጥቶ መድኃኒት ይዞ እስኪመለስ እንከተለዋለን። የት ቆመ፣ ማንን ጠየቀ፣ የት ላይ ተናደደ።»

«የት እንደሚናደድ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል? እኔን ብትጠይቂኝ ቁጭ ብዬ እነግርሽ ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምንማረው። መጠየቅ።»

ፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደው ሰልፉ ላይ ዘጠኝ ሰው ቆጠሩ። ስለዚህ ችግሩ በሩ ላይ ሳይሆን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው አሉ። እህቴ አልተዋጠላትም። ሰው ሳይነጋ እየመጣ በር ላይ ይንገላታል ብላ ተከራከረች። ጥበቃው ጎህ ሲቀድ ቁጥር ቢያድል ሕመምተኛ ቤቱ ተመልሶ ይተኛል የሚል ሐሳብ ነበራት። ቅዳሜ ያቀርባሉ። ማስረጃ አምጪ አሏት። ራሷ እንዳትሄድ ሠራተኞቹ ያውቋታል።

«እኛን ሲያዩ ሁሉም ነገር ያምርበታል» አለችኝ። «አንተን ግን ማንም ዞር ብሎ አያይህም።»

ማስረጃዋ እኔ ነበርኩ።

በሰዓቱ ደረስኩ። እሱን አልዋሸሁም። በሩ ዝግ ነው። በሩ ፊት ሰው የለም። ከበሩ ጀምሮ በአጥሩ ሥር ድንጋዮች ተደርድረው ነበር፤ አንዳንዱ ላይ ፌስታል ተጠቅልሎበታል። አንድ ጀሪካንም አየሁ። ዝናብ ይመታቸዋል።

ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ መያዝን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። እኔ ራሴ ለዘይት ወረፋ ለእናቴ ስንት ጊዜ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። አውቅ ነበር። ግን አብነት ሰፈር ጠዋት ጠዋት መኪና ሳይበዛ አስፋልት ላይ ኳስ እንጫወታለን፤ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው። ደብተሩን ከፈትኩና «12 ሰዓት፣ ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «1 ሰዓት፣ ሰው የለም» አልኩ። አንድ ሰዓት ገና አልደረሰም ነበር። ደብተሩን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ስመለስ እህቴ ቁርስ ላይ ነበረች። እግሬ ላይ ያለውን ጭቃ አላየችውም። ደብተሩን ነው ያየችው።

«ሰው የለም?»

«የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። እናቴ ለሥራ ልትወጣ ጃንጥላ እየፈለገች ነበር፤ «ቁርስሽን ጨርሺ» አለቻት። እህቴ ተነስታ ከቁም ሳጥኑ በር ላይ አንዱን ሮዝ ወረቀት ላጠች። ሰልፉ የሚጀምረው በሩ ሳይከፈት ነው ይላል፣ በእጅ ጽሑፏ። ግንባሬ ላይ ለጠፈችው።

«በቃ ጩጬ፣ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።»

ሳቀች። ግን ልቧ አልሳቀም፤ እኔ አውቃታለሁ። ያኔ ልነግራት ነበር። ማታ እነግራታለሁ አልኩ በልቤ። ሰዓቷን እንኳ አልመለስኩላትም። ወረቀቱን ከግንባሬ አንስቼ ደብተሩ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሷ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ የጫማዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ልደታ ላይ ከታክሲ ወርዳ ስትሻገር መኪና ገጫት። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አጎቴ ወደ ደረጃው ሥር ጠርቶ ነገረኝ። ትከሻዬን አጥብቆ ይዞ ነበር።

«እናትህ እስኪነጋ አትሰማም። መርዶ በጠዋት ነው። አፍህን ያዝ።»

ለእናቴ እግሯን ተሰብራለች፣ ሕክምና ላይ ነች፣ ዛሬ ጠያቂ አያስገቡም ተባለ። እናቴ እኔን አየችኝ።

«ደህና ነች አሉ አይደል?»

«አዎ» አልኳት። በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።

በማግስቱ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘመዶችና የእድሩ ሰዎች መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ ገና ፊታቸውን ስታይ ገባት። ማንም አፉን አልከፈተም ነበር። ጩኸቷ እስከ ግቢው ተሰማ፤ የየፎቁ በር ሁሉ ተከፈተ። ቤቱ በሰው ሞላ። እኔ መቆሚያ አጣሁ። የቁም ሳጥኑ በር ላይ ወረቀቶቿ አሉ፤ ሰው ሲደገፋቸው እየረገፉ ይወድቃሉ። የእኔዋ ሮዝ ወረቀት የነበረችበት ቦታ ባዶ ነበር። ደብተሩን አንስቼ ወጣሁ። እናቴን በዚያ ሰዓት ትቻት መውጣቴን ዛሬም አጎቴ ያነሳብኛል። ልክ ነው።

ጤና ጣቢያው ጋ ስደርስ ሰዓቷ አስራ ሁለት ከአምስት ይላል። በሩ ፊት ሰው የለም። ድንጋዮቹ አሉ። ቆጠርኳቸው። ሃያ ሰባት ድንጋይ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ነጠላ ጫማ። ጻፍኩ። ከዚያ ባለቤቶቹን ፍለጋ ሄድኩ። ሩቅ አልነበሩም። አጥሩን ስትታጠፍ የተዘጋ ሱቅ አለ፤ በረንዳው ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጋቢ የለበሱ፣ ልጅ ያቀፉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ያሸለቡ።

አንዲት አሮጊት አንድ እግራቸው ባዶ ነበር።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት መጡ?»

«አስር ሰዓት፣ የኔ ልጅ።»

«ለምን በሩ ጋ አይቆሙም?»

«ጫማዬ ይቁምልኝ እንጂ! እሱን ወገቡን አያመው።»

አጠገባቸው የነበረ ሰውዬ «የእማማ ጫማ ግን ጉድ ነው» አለ። «ስመጣ ከኔ ድንጋይ ኋላ ነበር። አሁን ፊት ሆኗል።»

«ጫማ አይደል እንዴ? ይሄዳል!»

በረንዳው ሥር ያሉት ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ለእህቴ ይሄን ስነግራት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

«አንተስ ምንህን ነው?» አሉኝ አሮጊቷ። ዓይኔን እያዩ ነበር።

«እኔ አላመመኝም። እህቴ ነች የላከችኝ።»

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ? ድንጋይህን አስቀምጥ እንጂ።»

አንድ ድንጋይ ፈልጌ ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ከየት መጡ፣ ስንት ሰዓት ደረሱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት ሁሉም ተነስተው እየተጋፉ ድንጋያቸው ላይ ቆሙ። ሦስት ሰዓት ሲል አብዛኛው ገብቶ በሩ ላይ ጭራው ብቻ ቀረ። ፈረንጆቹ የቆጠሩት ይሄን ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆማ ነበር። ድንጋዬን አንስቼ ቦታውን ለቀቅኩላት።

ቤት ስመለስ ድንኳኑ ተተክሏል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። የቡድኗ ልጆች መጥተው ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ቆመዋል፤ የት እንደሚቀመጡ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ረጅሙ ፈረንጅ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ደብተሩን ሰጠሁት። አስራ ሁለት ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ ጠፋኝ። ድንጋዩ ሰው ነው አልኩት። ደገምኩለት። አልገባውም።

የእህቴ ክፍል ልጅ ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። የሐሙሱን ገጽ አየ። ቀጥሎ ያለውን አየ።

«ሐሙስ አልቆጠርኩም» አልኩት። «ድንጋዮቹን አይቼ ኳስ ልጫወት ሄድኩ። እሷ ልክ ነበረች።»

«ትናንት እኛ ጋ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውንም ወረቀት ራሷ ነች ያነሳችው» አለኝ። «ወንድሜን ልኬ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለችን።»

ሮዟን ወረቀት ከደብተሩ መሃል አውጥቼ ሰጠሁት። ማጣበቂያዋ አልቋል፤ አልያዝ ስትለው ቦርሳውን ከፍቶ መርፌ ቁልፍ ፈለገና ከዛሬው ገጽ ጋር አያያዛት። «ነገ በመጀመሪያ የምናቀርበው ይሄን ነው» አለኝ፤ ለሌሎቹም በእንግሊዝኛ ነገራቸው። የናይሮቢዋ ልጅ ፊቷን ሸፈነች።

አጎቴ ከድንኳኑ ውስጥ ጠራኝ። የት ነበርክ አላለኝም፣ ያኔ። አግዳሚ ወንበር ያዝ አለኝ። በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ ይዘን፣ ለአራቱ ልጆች ወስደን አስቀመጥንላቸው።