በእረፍት ሰዓት የሳብሁት ትንፋሽ

ባለቤቴ በእኔ ምላስ ሲቆምር እንደከረመ የነገረኝ የማላውቀው ሰው ነው። መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ተሰልፌ ሳለ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። "አሰልጣኟ፣ የእሁዱ እንዳሉት ገባልን፤ እግዜር ይስጥልን" አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫት ኳስ የማሠለጥናቸው ሴት ልጆች አሉ፤ ከእነሱ የአንዷ አባት መስሎኝ ፈገግ ብዬ ልጅዎ የትኛዋ ናት አልሁት። ሳቀ። ከባለቤቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ፣ ሾፌር እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ደስ ብሎት ነው ያስረዳኝ፤ እሁድ ማታ በነበረው የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ እረፍት ሲወጡ በአሥራ አራት ነጥብ የተመራው ቡድን ይመለሳል ማለቴን፣ ባለቤቴ ይህን ለቢሮው ሰዎች በስልክ ማስተላለፉን፣ ሁሉም በዚያው ማስያዛቸውን። "እርስዎ ባይኖሩ የት እናውቀው ነበር?" አለኝ።

ሰው እንዲህ አድርጎ አመስግኖኝ አያውቅም። እንደዚያን ቀን ተናድጄም አላውቅም። መታወቂያውን ሳላሳድስ ወጣሁ።

እኔ ተጫዋች ነበርሁ። ከአንበሳሜ ለትምህርት መጥቼ ኳስ የያዝሁት ባሕር ዳር ነው፤ ቀኝ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ለክልል ተሰልፌያለሁ። ጉልበቴ ሲሄድ መሮጡም መዝለሉም ቀረ፤ ማየት ብቻ ተረፈኝ። ባለቤቴ አዋሳ ያደገ፣ በሥራ ዝውውር ወደዚህ የመጣ ሰው ነው። ስንጋባ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚያውቀው ኳሱ ትልቅ መሆኑን ብቻ ነበር። ቀስ እያለ አብሮኝ ማየት ጀመረ። እሁድ ምሽት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እረፍት ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ይልና "እሺ አሰልጣኝ፣ ምን ይመስልሻል?" ይለኛል።

ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቀኝም። የምሠራበት ኮሌጅ ሰዎች ደረሰኝ የት እንደገባ ይጠይቁኛል፤ እናቴ መቼ እንደምወልድ ትጠይቀኛለች። የማውቀውን ነገር የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ እሁድን እጠብቃለሁ።

ሲጠይቀኝም ሳልሰስት እነግረዋለሁ። ውጤቱን አትመልከት፣ ውጤቱ እንዴት እንደመጣ ተመልከት እለዋለሁ። የሚመራው ቡድን ከሩቅ እየወረወረ ሁሉም ገብቶለት ከሆነ ያ እጅ ከእረፍት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ እየተጋፋ ገብቶ ቅርጫቱ ሥር ያስቆጠረ ከሆነ ግን የተመራው ቡድን አይመለስም። ረጅሙ ልጅ ሦስት ፋውል አለበት፣ አሰልጣኙ በሦስተኛው ሩብ ያስቀምጠዋል፣ እሱ ሲቀመጥ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄዱ እጁን ወገቡ ላይ የጫነው ማን እንደሆነ፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ የሚሄደው ማን እንደሆነ እይ እለዋለሁ። በጥሞና ያዳምጠኛል። ጨርሼ ሳበቃ "አየር ልቀበል" ይልና ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። የሐይቁን ነፋስ የሚወድ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ጅሏ ብርድ እንዳይመታው ጃኬት አቀብለዋለሁ።

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠየቅሁት። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን እያወለቀ፣ አይዞሽ እንደሚል ሰው ለስለስ ባለ ድምፅ "ቁማርማ የሚቆምረው የማያውቅ ሰው ነው። እኛ እናውቃለን" አለኝ።

እኛ። እኔ መቼ ነው የገባሁበት?

ከዚያ ደግሞ ለምን በእረፍት ሰዓት ብቻ እንደሚያስይዝ ያስተምረኝ ጀመር። ጨዋታው እየሄደ ከሆነ ምስሉ እኛ ዘንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እኛ ገና ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ስናይ ቤቲንግ ቤቱ መግባቱን ያውቃል። እረፍት ላይ ግን ሁሉ ነገር ቆሟል። አሜሪካ ያለውም ባሕር ዳር ያለውም እኩል ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የእረፍቷ ሩብ ሰዓት ንጹሕ ናት አለኝ። ንጹሕ የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር ሲጠቀምበት ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ከማን ጋር ነው እኩል የሆነው? እኔ ጣና ዳር ተቀምጬ ያየሁትን የረጅሙን ልጅ ፋውል፣ ዋጋ የሚያወጣው ቤቲንግ ቤት አላየውም ብሎ ነው? አይቶታል። አይቶ፣ አስልቶ፣ የራሱን ትርፍ ከላይ አንስቶ ነው ኦዱን፣ የውርርዱን ዋጋ፣ የሚለጥፈው። ብታውቅ የሚሰጥህ ቆርጦ ነው፣ ብትሳሳት የሚወስድብህ ሙሉውን ነው። ይህን ሁሉ ነገርሁት። "እስካሁን ግን አትርፈናል" አለኝ። አሁንም በእኛ ነው የሚናገረው። ከእንግዲህ ከእኔ አፍ አንድ ቃል አትሰማም አልሁት።

ገንዘቡ አልነበረም ያንገበገበኝ። ያ ጥያቄ ለእኔ የተጠየቀ መስሎኝ ስንት እሁድ ደስ ብሎኝ አድሬያለሁ። እሱ ሲጠይቀኝ ለካ ጣቱ ስልኩ ላይ ነበረ።

ጨዋታዬን ግን አልተውሁለትም። እሱ ቆመረ ብዬ እኔ ምን በወጣኝ ጓዳ እገባለሁ? አፌን ዘግቼ ማየቴን ቀጠልሁ። እሱም መጠየቁን ተወና ፊቴን ያይ ጀመር። ከንፈሬን ብመጥ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ብስቅ ይጽፋል። በመጨረሻ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ማየት ጀመርሁ። ሙቀት ነው፣ ወበቅ ነው፣ እኔ በገዛ ቤቴ እንደ ሐዘንተኛ ተሸፋፍኜ ኳስ አያለሁ።

እኛ ዘንድ አዎ ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልግም። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። እናቴ በስልክ ግማሹን ወሬዋን የምትጨርሰው በዚሁ ነው። ባለቤቴ የተዋወቅን ሰሞን ይህን ሲሰማ አስም አለብሽ እንዴ ብሎኝ ነበር። ኋላ ለመደው፣ ወደደውም፤ ላግባሽ ወይ ሲለኝ የመለስሁለት ትንፋሼን በመሳብ ነው። እሱም ሳይደግመኝ ገባው።

አንድ እሁድ ቀይ ማልያ የለበሱት ክፉኛ ተመርተው እረፍት ወጡ። መጠየቁን ትቶ የከረመው ሰውዬ አላስችል አለውና "ቀዮቹ ይመለሳሉ፣ አይደል?" አለኝ። ውኃ ልጠጣ ብድግ ስል ጉልበቴ ቀጭ አለብኝ፤ ሕመሙ እስከ ወገቤ ሲሰማኝ ጠረጴዛውን ይዤ ትንፋሼን ሳብሁ። እሱ ስልኩን አንሥቶ በረንዳ ወጣ።

ቀዮቹ አልተመለሱም። ጨዋታው ሲያልቅ ፊቱ አመድ መስሏል። "አዎ ብለሽኝ?" አለኝ። መቼ ብዬ ጠየቅሁት። "ሳብሽ እኮ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት" አለኝ። የወር ደሞዙን አስይዟል። አሰልጣኟ ብላለች ብሎ ለቢሮው ሰዎችም አስተላልፏል።

ጉልበቴን ዘርግቼ አሳየሁት፤ አብጧል። እሱ ግን ጉልበቴን ትቶ አፌን ነው የሚያይ። ያን ጊዜ ነው ድምፄ የወጣ።

"ሕመሜን ከአዎ መለየት አቅቶህ ነው?" አልሁት።

በማግሥቱ ያ ሾፌር መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። አሰልጣኟ አስበላችን ተብሎ ተወርቷል አሉ። እኔ ያላስያዝሁትን፣ ያልተናገርሁትን፣ ታምሜ የተነፈስሁትን ከፍዬ አረፍሁት። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ባለቤቴ ተውሁ ይላል። ምናልባትም ትቷል፤ ስልኩን አልከፍትም። እሁድ ግን አብረን ማየት ቀርቷል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። ሜዳው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ ነፋሱ ኳሱን እያዞረ አስቸግሯቸው፣ እረፍት ሲወጡ እየተመሩ ነበር። ቀና ስል ባለቤቴን አጥሩ ጋ አየሁት። መጥቶ አያውቅም። ለልጆቹ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዟል። ወደ እሱ ስጠጋ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልክ በፊት በፊት እንደሚያደርገው፣ "ምን ይመስልሻል? ይመለሳሉ?" አለኝ።

በዚህ ጨዋታ ላይ በዓለም ማንም አያስይዝም። ውጤቱ በጠመኔ ነው የሚጻፈው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት እጆቹን አየሁ። በአንዱ ፌስታሉን ይዟል፣ ሌላው ባዶ ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ። የእነዚያ ረጅሟ ልጅ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና ነው የወጣችው፤ የእኔዎቹ ገና አልደከሙም። ይመለሳሉ። ትንፋሼ ራሱ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ደረቴ ውስጥ ሊሳብ ተነሣ።

ያዝሁት። አላውቅም አልሁትና ብርቱካኑን ተቀብዬ ዞርሁ። የተነፈስሁት ልጆቹ መሐል ከደረስሁ በኋላ ነው።