ሐጂ ሙሔና የጠገራ ብሩ ማህተም

ሐጂ ሙሔ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ ወደማይቀረው ሄደዋል፤ ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ካላችሁ መርዶውን እኔ ላርዳችሁ። ለነገሩ ወሬው ከላላ ከተማ የገባው ከመካነ ሰላሙ ሚኒባስ ቀድሞ ነው። እሳቸው ጅዳ ለዓመታት ሠርተው ተመልሰው መካነ ሰላም ገበያ ዳር ብር ቤት የከፈቱ ናቸው፤ እኔም ሥራውን ከእጃቸው የተማርሁ ነኝ። ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ ክርስቲያኑ ልጄ ነው» ይሉ ነበር።

የሐጂ ዕውቀት ጠገራ ብር ላይ ነበር። ጠገራ ድሮ በየአገሩ ሲዞር፣ አንዳንዱ አገር እኔም ዘንድ ይሠራል ሲል ትንሽ ማህተም ይመታበት ነበር። የእኛ ሰው ግን ያቺን ምልክት እንደ ጉድፍ ቆጥሮ በአመድ ይፈትጋታል፤ ያልጠፋችውን አንጥረኛው በሞረድ ይጨርሳታል። ሐጂ በዚህ ክፉኛ ይበሳጩ ነበር። «ፊቱን ልጠሽ አምጥተሽ ስሙን ትጠይቂኛለሽ» ያሏት ሴት እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፣ እኔ ስለሳቅሁ። እሳቸው ብሩን ሳያጥቡ ለስላሳ ሰም ላይ ይጫኑታል፤ በሰሙ ላይ ተገልብጦ የወጣውን ፊደል ደግሞ በትንሽ መስታወት አቃንተው ያነቡታል። ከዚያ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። በእርግጥ የተመታ ማህተም ከበስተጀርባው ጠፍጣፋ ቦታ ይተዋል፤ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ግን አይተውም።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ጠገራ ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። አባታቸው ለሐጅ ሄደው አልተመለሱም። አብሯቸው የሄደው ጓደኛቸው «ሒጃዝ ደርሶ ሞተ፤ አደራው ይኸው» ብሎ ብሩን አስረክቧል። ሰዉ ግን መንገድ ላይ ጥሏቸው ሸሽቶ ብሩን ደሴ ገበያ አገኘው ብሎ አማው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ተጋብተው አያውቁም። አሁን የወይዘሮ ዘይነባ ልጅ የዚያኑ ጓደኛ የልጅ ልጅ ካላገባሁ አለ፤ ፍርዱም ከብሩ ይጠበቅ ጀመር።

ሐጂ ሰሙን አንስተው አዩና «አል-ሒጃዝ ይላል። ምቱም እውነተኛ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ በእጃቸው አስቆሟቸው። እኔ በክርኔ ልጎሽማቸው ምንም አልቀረኝ፤ ዝም ቢሉ ነገሩ አልቆ ነበር።

«ብሩ ሒጃዝ ነበር። ነጋዴም ይዞት ደሴ ሊገባ ይችላል። አባትሽ መድረሱን ብሩ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። አብሽሪ እህቴ፣ ያላየሁትን ግን አልነግርሽም» አሏቸው።

ወይዘሮ ዘይነባ ሰሙን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ለእኔ ብሎ እንኳ የማይዋሽ ሰው ብሩ ሒጃዝ ነበር ካለኝ ይበቃኛል» አሉ በመጨረሻ። «የቀረውን እኔ አምናለሁ። ለሙሽራዪቱ አንገት ሥሩልኝ።»

ሐጂ ማህተሙ እንዳይነካ ማንጠልጠያውን በጠርዙ በኩል ራሳቸው በየዱት። ያቺ ሙሽራ በሐጂ ለቅሶ ላይ ልጇን አዝላ መጥታ ነበር፤ የሁለቱም ቤት ሰዎች አብረዋት ተቀምጠዋል።

ሐጂዬ፣ ያላየሁትን እንዳልናገር አስተምረውኛል። የሄዱበትን አላየሁም፤ ሰም ላይ አትሜ የማነበው ምልክትም የለኝም። ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡ እንጂ፣ ዛሬ እንደ ወይዘሮ ዘይነባ ነኝ፤ በደህና ገብተዋል ብዬ አምናለሁ።