ከውጪ ደረቅ የነበረው ሞተር

ሓድነት በሚባለው ሰፈር ካለው ጋራዥ ረዳት መካኒክ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ ባለቤቱና ዋና መካኒኩ ኣያ ሓጎስ መፍቻ አላስጨበጡኝም። አንድ የጭነት መኪና አጠገብ አቆሙኝና “ውሃ ያጎድላል። የሚያፈስበትን ሳታገኝ እንዳትጠራኝ” አሉኝ። ከደብረ ብርሃን መምጣቴ ነበር፤ ትግርኛ ስለማልችል ቀስ እያሉ በአማርኛ ነበር የሚያናግሩኝ።

ከሞተሩ ሥር ተጋድሜ ዋልኩ። ማኒኮቶዎቹን፣ ማለት በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ውሃ የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ ዳሰስኩ። በመጨረሻ ከውሃ ፓምፑ በታች የደረቀ ነጭ መስመር አገኘሁ።

“እሱ ነው” አሉኝ። “የጋለ ብረት ላይ ውሃው ይተንና እድፉ ይቀራል። እድፉን ፈልግ።”

ዓመታት አልፈው እኔም ዋና መካኒክ ሆንኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፤ መለዋወጫ ጠፋ። ከቆመው መኪና እየፈታን የሚሄደውን እንጠግን ነበር። እየቆየ የሚሄደውም ቆመ።

በዚያ ወቅት ተስፋይ የሚባል ደንበኛችን፣ የእህል መኪና ሾፌር፣ መኪናው እየፈላ መጣ።

“ማኒኮቶው ነው መሰለኝ፣ ሓወይ። ቀይርልኝና ልሂድ። እናቴ ዓብይ ዓዲ ታማለች፤ ላመጣት ነው።”

ማኒኮቶው ደህና ነበር። እድፍም የለም፤ ውጪው ሁሉ ደረቅ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ራዲያተሩን ሞላሁና ክዳኑን ሳልገጥም አስነሳሁት። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ይወጣ ጀመር፤ አላቆመም። የዘይት መለኪያውን ስመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ከቴስታታው፣ ማለት ከሞተሩ ራስ፣ ሥር ሆኖ ውሃውንና ዘይቱን የሚለያየው ጋስኬት ተበልቷል።

“አዲስ ጋስኬት ይፈልጋል” አልኩት። “እሱ ደግሞ በከተማው የለም።”

“ጠይቀሃል?”

“በእሱ ምክንያት የቆሙትን ግቢው ውስጥ ታያቸዋለህ።”

ኣያ ሓጎስ ቀረቡ። “ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ መኪና ዳገት አይወጣም” አሉት።

“እሷም በእግሯ አትመጣም” አለ ተስፋይ።

ጀሪካኖች ውሃ ሞላንለትና ሄደ። ናፍጣውን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅነውም።

ከቀናት በኋላ በእግሩ መጣ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነገረን። ሲሄድ እያረፈ ደርሶ ነበር። እናቱን ይዞ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየፈላ ውሃውን ሁሉ ጨረሰው።

“አንድ ጀሪካን ለእሷ አስቀርቼ ነበር” አለ። “‘ጨምርለት፣ እኔ አልጠማኝም’ አለችኝ። ጨመርኩት። ትንሽ ሄዶ ቆመ።”

የሚያልፍ መኪና አልነበረም። እናቱ እዚያው፣ መኪናው ጥላ ሥር፣ ሕይወቷ አለፈ።

መንገድ ሲከፈት ጋስኬት ገባ። ተስፋይ መኪናውን አስጎትቶ አመጣው። ቴስታታውን ፈታን፣ አስሞረድን፣ መልሰን ገጠምን። ሳስነሳው ራዲያተሩ ውስጥ አንድ አረፋ አልታየም።

“ያኔም የጎደለው ይሄ ብቻ ነበር?” አለኝ።

“ይሄ ብቻ።”

አሮጌውን ጋስኬት አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየው። መልሶ አስቀመጠውና መኪናውን ነድቶ ወጣ።

ለአዳዲስ መካኒኮች የምነግራቸው ይህን ነው። ውሃ እያጎደለ ውጪው ደረቅ የሆነ ሞተር ከውስጥ ነው የሚያፈሰው፤ ሳይጠገን ከከተማ አይውጣ። ሾፌሩ እምቢ ብሎ ከሄደም፣ ለራዲያተሩ ከምትጭኑለት ውሃ በላይ ለሰው የሚበቃ ጫኑለት።