ሰላምታዬ ያሳሰራቸው ሰው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሦስት ባንክ መዝረፌን የነቀምቴ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ተፈርዶብኝ ታስሬበታለሁ። አራተኛውን፣ የኑኑ ቁምባውን ግን፣ አብሮኝ የነበረው ከሞተ ወዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ባንኩ በጠዋት እንደተከፈተ ፊታችንን ሸፍነን ገባን። በሩ ላይ ሽማግሌው ጥበቃ ኦቦ ቶለሳ ቆመዋል። እኔ ነቀምቴ ያደግኩ ነኝ፤ ሽማግሌ ዝም ብሎ ማለፍ አልለመደብኝም። ሽጉጤን ደረታቸው ላይ ደቅኜ፣ አፌ አምልጦኝ፣ “አካም ቡልተን፣ አባ?” አልኩ። እንዴት አደሩ ማለቴ ነው! ሊዘርፍ የመጣ ሰው እንዴት አደሩ ይላል? እሳቸውም እንደ ልማዳቸው፣ “ፈያ፣ ኢልመ ኮ” አሉኝ፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ።

ገንዘብ ከፋይዋ ይህን ሰማች። ፍርድ ቤት ቀርባም የሰማችውን ተናገረች፤ አልዋሸችም። ከዘራፊ ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ ጥበቃ አብሮ የመከረ ነው ተባለና ተፈረደባቸው።

እኔ በሌሎቹ ሦስት ተይዤ ወህኒ ስወርድ የደረሰኝ እሳቸው ያሉበት ክፍል ሆነ። በየጠዋቱ “አካም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ?” ይሉኛል። እኔ ድምፄን እንዳይለዩት አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ጉሮሮውን ያመዋል ብለው አዘኑልኝ፤ ሚስታቸው ያመጡላቸውን ማር አካፈሉኝ። በላሁት። እኔ፣ ያሳሰርኳቸው፣ ማራቸውን በላሁ።

አንድ ቀን ስለዚያ ዘራፊ ሲያወሩ፣ “ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሽማግሌ ያከብራል። አንድ ቀን መጥቶ ይመሰክርልኛል” አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ምን ያቅታል? ዓመት እንዳይጨመርብኝ ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ስንት ነገ አሳለፍኩ?

አንድ ጠዋት ሰላምታቸው ቀረ። ብርድ ልብሳቸውን ገለጥኩና፣ እስረኛው ሁሉ እየሰማ፣ “አካም ቡልተን፣ አባ?” አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ድምፄን የሚለዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አልሰሙኝም።

ሚስታቸው ዛሬም ኑኑ ቁምባ ገበያ ሲወጡ የሌባ ሚስት ይባላሉ። እኔ ተፈትቼ ቸለለቂ እኖራለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለቴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ሁለቴም መንገድ ላይ ወረድኩ። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ ይችሉ ለነበሩት ሰው፣ በሕይወት ሳሉ፣ ሰላምታቸውን እንኳ አልመለስኩላቸውም።