ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠጣሁት ውሃ

ባለፈው መስከረም ልጄ ሶልያና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥታ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። «ዳዲ፣ ይኼ አማርኛ ነው፣ ራይት? ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ ንባቡ ላይ ግን ከ«ሀ ሁ» ብዙም አልዘለቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁልጊዜ ሺፍት እያልኩ።

ስልኩ ላይ ያለው የአንዲት ትንሽ ደብተር ፎቶ ነው። እርጥበት ያሳበጠው ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይታያሉ። ጽሕፈቱ የእኔ ነበር። መነጽሬን አምጪልኝ ብዬ ላክኋት፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

ያንን ስጽፍ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከሰይድ ጋር ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ አንድ ሺፍት እንሠራለን፣ ቴምፕል የሚባል የካልጋሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት ተከራይተን እንኖራለን። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው። ቤት ቢቃጠል «አብሽር» ብሎ የሚያጽናና፣ ትዕግሥቱ የሚያበሽቅ ሰው ነው። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ሱፐርቫይዘራችን የእረፍት ቀኑን ሁሉ ተራራ ላይ ሣጥን ሲፈልግ የሚውል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፣ ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል። ያገኘው ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ካሻው አንድ ኮተት ወስዶ ሌላ ኮተት ይተካል፣ ሣጥኑን እነበረበት ይመልሳል። መጀመሪያ ሲነግረን «ይኼ ሰውዬ ጤናም የለው» ተባባልን። ቢጫውን ጂፒኤስ ሲያውሰን ግን እምቢ አላልንም።

ዓመቱ ፍልሰታና ረመዳን የተገጣጠሙበት ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ሰይድ እስከ መግሪብ። የካልጋሪ የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ካልሆነ አትጠልቅም። «ያንተማ ጾም አይደለም፣ ቁርስ ማሳለፍ ነው» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። እልህ ያዘኝ። ማክሰኞ፣ በእረፍት ቀናችን፣ ወደ ካናናስኪስ ተራሮች እየነዳን፣ ዛሬ ካንተ ጋር እስከ መግሪብ እይዛለሁ አልኩት። ደስ ብሎት ትከሻዬን መታኝ። ውሃችንን ለማፍጠሪያ ብለን መኪና ውስጥ ትተነው ወጣን። ማለቴ፣ እሱ ትቶ ወጣ። እኔ ግማሽ ሊትር ውሃ በሹራብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለክፉ ቀን ነው አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ጠዋቱ ደስ ይል ነበር። ጥዱ ይሸታል፣ መንገዱ ዳር የጫካ እንጆሪ ቀልቷል፣ ሁለታችንም ጿሚዎች ነንና እያየን እናልፋለን። ሣጥኑ ያለው የተጠበቀው ዱር ሊጀምር ሲል፣ ከወሰን ምልክቱ ወዲህ ነው። ከምልክቱ ወዲያ ሣጥን ማስቀመጥ ክልክል ነው። ሱፐርቫይዘራችን ከመንገዱ እንዳትወጡ ብሎናል። የጂፒኤሱ ቀስት ግን አቅጣጫውን ያሳያል እንጂ ገደል ይሁን ጫካ ግድ የለውም። እኔ ደግሞ የቀረን ስምንት መቶ ሜትር ብቻ ነው ብዬ ሰይድን በአቋራጭ ይዤው ገባሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ዳገቱ ልቅ ድንጋይ ነው፤ አንድ እርምጃ ስንወጣ ሁለት ያንሸራትተናል። ጥላ የለም። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽንቴን ልሽና ብዬ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ዞርኩ። ውሃው ሞቋል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም። ትንሽ ላስቀር ብዬ ነበር። አላስቀረሁም። አፌን ጠርጌ ባዶውን ጠርሙስ በሹራቡ መልሼ ጠቀለልኩት። ስመለስ ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «አብሽር» አለኝ፣ «ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የቀረን።» ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ሰዓት ሳይሞላ ሰይድ ቆሞ ቀረ። አስመለሰው፤ ከሆዱ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ግንባሩን ስነካው እሳት ነው፣ ላብ የሚባል የለውም። ጎትቼ አንድ ጥድ ስር አስተኛሁት፣ ቦርሳዬን አንተራስኩት። ስልኬ ሲግናል የለውም። ወደ ላይ ጮህኩ፣ ወደ ታች ጮህኩ፣ የራሴው ድምፅ ተመለሰልኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ጂፒኤሱን አየሁ። ሣጥኑ ስልሳ ሜትር ላይ ነው ይላል። ሰው ያሻውን ይተውበታል አይደል? አንድ የእግዜር ሰው ውሃ ትቶበት ቢሆንስ?

ድንጋዩን በጥፍሬ ቆፈርኩ። እመቤቴን እየለመንኩ ከፈትኩት። የፕላስቲክ ዳይኖሰር፣ የጎማ እንቁራሪት፣ አንድ የቁልፍ መያዣ፣ ደብተርና እርሳስ። ዳይኖሰሩን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሣጥኑን አቅፌ ስመለስ የቦርሳዬ ዚፕ ተከፍቷል። ሳልዘጋው ሄጄ ይሆናል አልኩ። ሰይድ ዓይኑን ገልጦ «ከማል፣ በሩን ዝጋው» አለኝ። ከማል ደሴ ያለ ታናሽ ወንድሙ ነው። በቃ፣ ሞተ አልኩ። እናቱ በስልክ «አደራህን፣ ወንድሙ አንተ ነህ» ያሉኝ ታወሰኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብቄ የጨረስኩት ውሃ እሱን የሚያተርፈው ውሃ ነበር። እርሳሱን አነሳሁ። ሰው እንዲደርስለት ቢሆን በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረብኝ። በአማርኛ የጻፍኩት ማንም እንዳያነበው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰይድ እዚህ ተኝቷል። ውሃ ነበረኝ፣ ተደብቄ ጠጣሁት። ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ። መስፍን።»

ሣጥኑን ራስጌው ትቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ጉድ እኮ ነው፣ ዋናው መንገድ ሣጥኑ ከነበረበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። ብዙ ከሮጥኩ በኋላ ከተጠበቀው ዱር የሚመለሱ ባልና ሚስት አገኘሁ፣ ሸምገል ያሉ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኝ «ወተር፣ ወተር» ብቻ አልኩ። ሰይድ ጋ ስንደርስ ሴትየዋ በጠርሙሱ ክዳን ቀድታ አፉ ላይ ብታደርግለት ከንፈሩን ገጠመ።

«መግሪብ ደረሰ?» አለ።

ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት። «ደርሷል» አልኩት። «አዛን ብሏል። ጠጣ።»

ጠጣ። ሰውዬው ሸሚዙን አርሶ ደረቱ ላይ ጣለለት። ሴትየዋ ሣጥኑን ቦታው መለሰችው፤ ሲመሽ ደግፈን አወረድነው፤ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ፣ ተረፈ። ስለ ውሃው ግን እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሚዜዬ ሆነ፣ ሶልያና ስትወለድ ከእኔ ቀድሞ አቀፋት፤ ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ለልጄ ሳልደብቅ አነበብኩላት። «ጋሽ ሰይድ? የእኛ ጋሽ ሰይድ?» አለች። ከዚያ ስልኩን ተቀብላኝ በጣቷ ገፋ አደረገችው። «ሌላም ፒክቸር አለ፣ ከስሩ የተጻፈ።»

ከስሩ ያለው በሰማያዊ ቢክ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጽሕፈት። የሰይድ።

«መስፍን፣ ተኝቼ ቦርሳህን ከፍቼ ነበር፣ ውሃ ካለ ልጠጣ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆንብኝ አላህ ጾምህን ያዝ ያለኝ መስሎኝ ነው የያዝኩት። ለካ አንተ ነህ። መግሪብም አልደረሰም ነበር። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በዓመቱ አንድ ማክሰኞ አመሻሽ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ገብቶ፣ የት ዋልክ ብለው «ኦቨርታይም» ብሎኛል፤ ለካ ሣጥኑ ጋ ነበር። ይኸው ስንት ዓመት ሁለታችንም አውቀን ዝም ብለናል። እኔ ያልተናገርኩት ፈርቼ ነው። እሱ ዝም ያለው ግን እኔ እስክነግረው እየጠበቀ ይመስለኛል፤ ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

በማግስቱ ቴምፕል ሄድኩ። ሰይድ በሩን ከፍቶልኝ ገና ከመቀመጤ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበልኝ። ሻይም ልጠይቅ፣ በረዶም ይጣል፣ ለእኔ ሁሌ መጀመሪያ ውሃ ነው፤ የወሎ ደግነት ነው ብዬ ዓመታት ጠጥቼዋለሁ። ሶልያና የላከችልኝን ፎቶ ከፍቼ ስልኬን ሰጠሁት። ዓይኑ ደክሟል፣ አርቆ ይዞ አነበበው። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። «ጠጣ እንጂ» አለኝ።

ግማሹን ጠጣሁ። ግማሹን አስቀርቼ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋሁለት። አንስቶ ጠጣው።